የሚያበራው ስቲክ፦ መሣሪያ ነው ወይስ ታይታ?

ሰሞኑን አንድ የድሮ ተማሪዬ በውስጥ መስመር ጥያቄ ላከልኝ። ልጁ በሠርግ ባንድ ውስጥ ድራም ይጫወታል። የባንዱ ኃላፊ "ቪዲዮ ላይ ያምራል" ብሎ፣ ሲመቱበት ቀይና ሰማያዊ መብራት የሚያበራ የፕላስቲክ ስቲክ እንዲገዛ ነግሮታል። እሱም ከመግዛቱ በፊት ከጓደኛው ተውሶ ሁለት ሠርግ ተጫወተበት፤ ከዚያ የእጁን አንጓ ያመው ጀመር። "ጋሼ፣ ስቲኩ ነው ወይስ እኔ ነኝ? ደግሞስ እንዲህ ያለው ነገር የእውነት መሣሪያ ነው ወይስ ዝም ብሎ ብልጭልጭ?" ይላል።

ለእሱ ብቻ ከምመልስ እዚህ ልጻፈው አልኩ። ጥያቄው የእሱ ብቻ አይደለም፤ ድራመሮች ከመቶ ዓመት በላይ ሲጨቃጨቁበት የኖረ ነገር ነው። ታሪኩም ደስ ይላል፣ ዝንብም አለበት።

እኛ አገር ከበሮ በእጅ ነው የሚመታው፤ በዱላ የሚመታው ነጋሪት ነው። (አዋጅ የሚወጣበት ጋዜጣ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው።) የድራም ሴት ስቲክ ታሪክ ግን በአብዛኛው የአሜሪካ ታሪክ ስለሆነ ወደዚያው እንሂድ።

ከተራው ስቲክ እንጀምር። ሙዚቃ መሣሪያ ቤት ገብታችሁ ካያችሁ ስቲኩ ላይ 5ኤ፣ 7ኤ፣ 2ቢ የሚል ተጽፎበታል። አሰያየሙ ከዊልያም ሉድቪግ ጋር ይያያዛል፤ እ.ኤ.አ. በ1909 ከወንድሙ ጋር ቺካጎ ውስጥ የድራም ፋብሪካ ያቋቋመው ሰው ነው። ኤ ለኦርኬስትራ፣ ቢ ለባንድ፣ ኤስ ለመንገድ ሰልፍ። ኦርኬስትራ በኦ ጀምሮ ፊደሉ ለምን ኤ ሆነ ብትሉ፣ ሰውየው ኦ የምትለው ፊደል ስትታተም አላማረችውም ነው የሚባለው። ፊደሉን ተዉትና ሐሳቡን እዩት፦ አዳራሽ ውስጥ ቀጭን፣ ሜዳ ላይ ወፍራም። ዱላው ስሙን ያገኘው ከሚሠራበት ቦታ ነው።

እንጨቱም በዘፈቀደ አልተመረጠም። በብዛት የሚሠራው ሂከሪ ከሚባለው የአሜሪካ ዛፍ ነው። ይኸው እንጨት ለመጥረቢያ ዛቢያም ይመረጣል፤ ምክንያቱም የምቱን ንዝረት ወደ እጅ ከማሳለፍ ይልቅ አብዛኛውን ራሱ ይውጠዋል። ይህቺን ነጥብ ያዙልኝ፣ ወደ ተማሪዬ የእጅ አንጓ ስንመለስ ትጠቅመናለች።

አሁን ወደ ዝንቡ። እ.ኤ.አ. በ1912 ሉዊስ አሊስና አዶልፍ ዊንስ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የፓተንት ማመልከቻ አስገቡ፤ በ1913 ተሰጣቸው። የፈጠሩት ምን መሰላችሁ? የዝንብ መግደያ! ከእጀታው የሚወጣና እንደ ማራገቢያ የሚዘረጋ ቀጫጭን ሽቦ፣ ሥራው ሲያልቅ ተመልሶ እጀታው ውስጥ የሚገባ። የእኛ አባቶች ጭራ ይዘው ዝንብን እሽ ይሉታል፣ እነዚህ በሽቦ ሊጨርሱት ነው። ሙዚቃ የሚባል ነገር በሐሳባቸው አልነበረም።

ድራመሮች ግን በዚያ ዘመን ከባድ ችግር ነበረባቸው፤ ድምፃቸው በዛ። ጃዝ ከሰልፍ ወደ ትንንሽ ክለብ ገባ፣ ፒያኖና ዘፋኝ ከጎን አሉ፣ ማይክሮፎን የለም። ሸክላ ሲቀዳማ ጭራሽ ባሰ። በኤሌክትሪክ መቅዳት የተጀመረው በ1925 ገደማ ነው፤ ከዚያ በፊት ድምፁ በትልቅ ቀንድ ገብቶ መርፌውን የሚያንቀጠቅጠው በቀጥታ ነው። ድራም በኃይል ከተመታ መርፌው ይዘላል፣ ሸክላው ይበላሻል። ለዚህ ነው ቤቢ ዶድስ በ1923 ከኪንግ ኦሊቨር ባንድ ጋር ሲቀዳ ያን ሁሉ ድራም ትቶ በእንጨት ብሎክ ላይ እንዲንኳኳ የተደረገው። የዘመኑ ታላቅ ድራመር እንጨት ያንኳኳል! ዛሬ እነዚያን ቅጂዎች ሰምቶ "ድራሙ የታል?" የሚል ሰው መልሱ ይኸው ነው።

ታዲያ አንድ ብልህ ሰው፣ ማን እንደሆነ ስሙ አልቀረልንም፣ ያንን የዝንብ ሽቦ ስኔር ላይ ጎተት አደረገው። ሽሽሽ አለ። በ1920ዎቹ የድራም ፋብሪካዎች ካታሎግ ውስጥ ይሸጥ ጀመር። እንግዲህ እንደዚያን ጊዜ ድራመር አስቡት። ሻጩ የዝንብ መግደያ አምጥቶ "ድራም ምታበት" ሲላችሁ ከዚህ የባሰ ብልጭልጭ፣ ከዚህ የባሰ ማሞኛ አለ? ግን ሠራ። ከካውንት ቤሲ ጋር የተጫወተው ጆ ጆንስ በብሩሽ የሚያወጣውን ድምፅ ስሙት። በቀጭን ዱላ ቀስ ብሎ መምታት ያንን አያመጣም፤ ዱላ ይነካል ይነሣል፣ ብሩሽ ግን ቆዳው ላይ ተኝቶ ይሄዳል። ድራም የተራዘመ ድምፅ ማውጣት ቻለ ማለት ነው። ዛሬ የጃዝ ተማሪ ያለ ብሩሽ አይመረቅም። ሽቦው እጀታው ውስጥ የሚገባው ዓይነት እስከ ዛሬ ይሸጣል፣ የዝንብ መግደያው ቅርጽ ሳይቀየር።

ከብሩሽና ከዱላ መሃል ያለው ደግሞ የቀጫጭን እንጨት እስር ነው። እንደ መጥረጊያ የታሰሩ ዘንጎች በሉት። ብዙ ሰው የቅርብ ጊዜ ፈጠራ ይመስለዋል፣ በጣም አሮጌ ነው። የኦቶማን ወታደራዊ ባንድ ትልቁን ከበሮ በአንድ እጅ በወፍራም መምቻ፣ በሌላው በቀጭን አርጩሜ ይመታ ነበር። አውሮፓውያን ያንን ቀድተው በ18ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ኦርኬስትራቸው አስገቡት፤ ማህለር በሁለተኛው ሲምፎኒው ውስጥ የአርጩሜ እስር አዝዟል። ለሮክ ሰዎች ጉዳዩ ያው የድሮው የድምፅ ጉዳይ ነው። ኒርቫና በኅዳር 1993 ኒው ዮርክ ላይ ያን ያለ ኤሌክትሪክ ጊታር የተቀረጸውን ዝግጅት ሲጫወት፣ ዴቭ ግሮል እንደ ልማዱ ቢመታ ኖሮ የከርት ኮቤይን ድምፅ አይሰማም ነበር። ድራሙን ዝቅ ያደረገው በብሩሽና በእንዲህ ያለ እስር ነው።

በዝርዝር ሌሎችንም መጥራት ይቻላል፣ ግን ሁለቱን ብቻ። አንዱ የናይለን ጫፍ። ጆ ካላቶ የሚባል የናያግራ ፎልስ ከተማ ድራመር ነው በ1958 የሠራው። ችግሩ ቀላል ነበር፦ የእንጨቱ ጫፍ ሲምባል ላይ ሲውል ሲያድር ይላጫል፣ ድምፁም ይቀየራል። ናይለኑ አይላጭም፣ ሲምባሉንም ጠራ አድርጎ ያስጮኸዋል። ይህን ድምፅ የማይወዱ አሉ፤ እኔም አንዱ ነኝ፣ ትንሽ ይጮህብኛል። ግን መሣሪያ አይደለም የሚል ሰው አላጋጠመኝም።

ሌላው ቪክ ፈርዝ። የቦስተን ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ቲምፓኒ ተጫዋች ነበር፣ በገበያ ያለው ስቲክ ስላላረካው የራሱን አስሠራ፣ ተማሪዎቹም ፈለጉት፣ በ1963 ድርጅት ሆነ። የፈርዝ ነገር የሚገርመኝ ምንም የሚታይ ነገር አለመጨመሩ ነው። ዱላው ቀጥ ያለ እንዲሆን፣ ሁለቱ እኩል እንዲመዝኑና ሲንኳኩ ተመሳሳይ ድምፅ እንዲሰጡ ነው የደከመው። ፎቶ ላይ ልዩነቱን አታዩትም።

አሉሚኒየምም አለ። የሜታሊካው ላርስ ኡልሪክ የሚጠቀምበት ዓይነት፤ ውስጡ አሉሚኒየም፣ ላዩ የሚቀየር የፕላስቲክ ሽፋን፣ ጫፉም የሚፈታ። መጀመሪያ ሲታይ መጫወቻ ይመስላል፣ ግን በአንድ ኮንሰርት ስንት ዱላ ለሚሰብር ሰው ስሌቱ ይገባል፤ ያለቀውን ሽፋን ብቻ ትቀይራለህ። ለሠፈር ድራመር ግን አልመክርም። በነገራችን ላይ ሽፋን የሌለው ድፍን የብረት ዱላም ይሸጣል። እሱ ለልምምድ ጎማ ብቻ ነው፤ ሲምባል ላይ ብታሳርፉት ሲምባሉን እንሰነባበት በሉት።

እንግዲህ የሚያበራው ጋ ደረስን። ከላይ ያነሣሁትን ሁሉ ብታዩ፣ ብሩሹም እስሩም ናይለኑም የመጡት ድራመሩ የሆነ ነገር ስላስቸገረው ነው። ድምፅ በዛበት፣ ጫፍ ተላጠበት፣ ዱላ ተሰበረበት። የሚያበራው ስቲክ የማንን ችግር ነው የሚፈታው? የድራመሩን አይደለም። የካሜራማኑንና የባንዱን ኃላፊ ነው። ይኼ ኃጢአት ነው አላልኩም፣ ሠርግ ሠርግ ነው። ግን ዋጋውን የሚከፍለው ማነው ብላችሁ ጠይቁ።

ዋጋው እዚህ ላይ ነው። እንጨት ውስጡ ጭረት አለው፣ ይተጣጠፋል፣ ንዝረቱን ይውጣል ብያችኋለሁ። እነዚህ የሚያበሩት የሚሠሩት ብርሃን ከሚያሳልፍ ጠንካራ ፕላስቲክ ነው፤ ይህ ፕላስቲክ ከሂከሪ የከበደ ነው፣ አነጣጠሩም ሌላ ነው። ባትሪው ደግሞ እጀታው ጫፍ ላይ ይቀመጣል። ድራመር ስቲክ የሚይዘው ከኋላ አንድ ሦስተኛው አካባቢ ነው፤ ፊት ለፊት ያለው ክብደት ወርዶ ይመታል፣ ራሱ ነጥሮ ይመለሳል፣ እጅ ሥራው መምራት ብቻ ነው። ክብደቱ ወደ ኋላ ሲሳብ ስቲኩ አይወድቅም፣ እጅ ይጥለዋል። በደንብ አይመለስም፣ እጅ ያነሣዋል። አራት ሰዓት የሚፈጅ ሠርግ ላይ ያንን በሺህ ጊዜ አባዙት። ልጄ፣ እጅህን ስላላየሁ እንደ ሐኪም አልናገርም፤ ሕመሙ ካልለቀቀህ ሐኪም ይየው፣ እስከዚያም እረፍ። ግን ለዓመታት በእንጨት የተጫወተ እጅ በሁለት ሠርግ ከታመመ መጀመሪያ የምጠረጥረው አንተን አይደለም።

ጀማሪ ላይ ነገሩ ይብሳል። አዋቂ እጅ ልዩነቱን ያውቀዋል፣ ያማርራል። ጀማሪ ግን ድራም ማለት እንዲህ የሚታገሉት ነገር ነው ብሎ ይማረዋል፣ ከዚያ ለማስተው ዓመት ይፈጃል። ለልጃችሁ ልደት ስጦታ አስባችሁ ከሆነ አንድ ጥንድ ተራ 5ኤ ግዙለት። ሱቁ ውስጥ ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ አንከባሉት፤ ከተንገዋለለ ጠማማ ነውና መልሱት።

ለተማሪዬ ደግሞ መካከለኛ መንገድ አለ። የራስህን እንጨት ያዝ፣ መሃሉ ላይ በሐምራዊ መብራት ስር የሚያበራ ደማቅ ቴፕ ጠቅልልበት። ክብደቱ ከቁጥር አይገባም፣ ሚዛኑ አይነካም። መብራቱን የመድረክ ሰዎች ያምጡ፣ ሥራቸው ነው። የባንዱ ኃላፊ የግድ ያንኛውን ካለ፣ ለሙሽሮቹ መግቢያ አንድ ዘፈን ተጫወትበትና አስቀምጠው።

ታይታ የምጠላ እንዳይመስላችሁ። ላዮኔል ሃምፕተን ስቲክ ወደ ላይ ወርውሮ እየቀለበ ነው የተጫወተው፣ ማንም ሙዚቀኛ አይደለም አላለውም። በ1991 ኒው ዮርክ አስተር ፕሌስ ቲያትር የገቡት ሰማያዊዎቹ የብሉ ማን ግሩፕ ሰዎች ድራም ላይ ቀለም አፍስሰው ሲመቱ ቀለሙ በመብራት ውስጥ ይፈነጠራል። እዩልኝ፣ ትርዒቱን የሠሩት ድራሙ ላይ ነው፣ ዱላው ዱላ ሆኖ ቀረ።

ከሁሉም የምወደው ግን ጂን ክሩፓ ነው። በ1941 የወጣ "ቦል ኦፍ ፋየር" የሚባል የሃዋርድ ሆክስ ፊልም አለ፣ ባርባራ ስታንዊክ የምትሠራበት። ክሩፓ መጀመሪያ ከሙሉ ባንዱ ጋር "ድራም ቡጊ" የሚለውን በኃይሉ ይጫወታል። ከዚያ ሕዝቡ ይደግምልን ሲል ጠረጴዛ ዙሪያ ይሰበሰባሉ፣ ድራሙ ቀርቶ የክብሪት ሳጥን ይወጣል። ሁለት የክብሪት እንጨት በጣቶቹ ይዞ ያንኑ ዘፈን ሳጥኑ ላይ ይጫወተዋል፣ በሹክሹክታ። ከዱላ ሁሉ ትንሹ፣ ከመጫወቻ ሁሉ ርካሹ። ግን ምቱ አይዛነፍም፤ ዓይናችሁን ጨፍኑና ስሙት፣ ያው ክሩፓ ነው። መጨረሻው ምት ላይ ክብሪቶቹን ሳጥኑ ላይ ይጭራቸዋል፣ ቦግ ይላሉ።