የመሣሪያ ሣጥን ታሪክ፦ የሠራተኛው ነፃነትና ወጪ



የኢንዱስትሪን ታሪክ ስናጠና ዓይናችን ቀድሞ የሚያርፈው በሞተሩ፣ በፋብሪካው ሕንፃና በባለሀብቱ ላይ ነው። እኔ ዛሬ የማነሣው ግን ከሠራተኛው አጠገብ ስለኖረ ዕቃ፣ ማለትም ስለ መሣሪያ ሣጥን ነው። የመከራከሪያ ነጥቤ አጭር ነው። ሣጥኑ ጠንካራና ተቆላፊ ሆኖ የተሠራው መሣሪያው የሠራተኛው፣ የሥራ ቦታው ግን የሌላ ሰው ስለነበረ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉ።

በእንግሊዝ፣ በቻተም ከተማ፣ ጆሴፍ ሲተን በ1796 ለልጁ ለቤንጃሚን ከለንደኑ ነጋዴ ከክሪስቶፈር ጋብርኤል የአናጢ መሣሪያዎች ገዛለት። ልጁም በቀጣዩ ዓመት ማስቀመጫ ሣጥኑን በገዛ እጁ ሠራ። ሣጥኑ ከነመሣሪያዎቹ ዛሬ በሮቸስተር ጊልድሆል ሙዚየም ይገኛል። አናጢ ሣጥኑን ራሱ መሥራት ስለሚችል የሥራው ጥራት የሙያው ምስክር ጭምር ነበር።

በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት መገባደጃ ግን ሌላ ዓይነት ባለሙያ ተበራከተ፤ እርሱም የብረት ሥራ ባለሙያው ነው። በአሜሪካ እንደ ብራውን ኤንድ ሻርፕ እና በ1880 እንደተመሠረተው ስታሬት ያሉ ድርጅቶች ማይክሮሜትርና ሌሎች የመለኪያ መሣሪያዎችን ለገበያ አቀረቡ። ባለሙያው እነዚህን በራሱ ገንዘብ ይገዛ ነበር። መሣሪያዎቹ ውድ ናቸው፤ ዝገትና ግጭት ያበላሻቸዋል። የቶርኖ ባለሙያ ደግሞ አናጢ አይደለም። ሣጥን ማምረት ራሱን የቻለ ሥራ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

በኦሃዮ ግዛት፣ በዴይተን ከተማ፣ ሃሪ ገርስትነር በ1906 የሣጥን ሥራ ጀመረ። ሙያው ለብረት ማቅለጫ የሚያገለግል የእንጨት ሞዴል መሥራት ስለነበር እንጨቱንም የብረት ሠራተኛውን ፍላጎትም ያውቅ ነበር። ለሣጥኑ ኦክ መመረጡ ያለ ምክንያት አይደለም። ከግንዱ እምብርት ወደ ቅርፊቱ አቅጣጫ የተሰነጠቀ የኦክ ጣውላ እርጥበት ሲለዋወጥ ብዙም አይጣመምም፤ ስለዚህ መሳቢያው ከዓመታት በኋላም አይጣበቅም። የመሳቢያዎቹ ወለል ለስላሳ ጨርቅ ስለለበሰ መለኪያው አይጫርም። የፊት መዝጊያው ሲነሣና ሲቆለፍ መሳቢያዎቹን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይዘጋል።

በዚያው ግዛት በቫን ወርት ከተማ በ1911 የተመሠረተው ኬኔዲ ደግሞ በብረት ሣጥን ታወቀ። ላሜራን በማሽን መቁረጥ፣ ማጠፍና መበየድ እንጨትን ከማገጣጠም ይልቅ ለብዛት ምርት ይመቻል፤ ሣጥኑም ዘይትንና ምትን ይችላል። ቢሆንም እንጨቱ ከገበያ አልጠፋም፤ የገርስትነር ድርጅት ዛሬም በዴይተን ይሠራል።

እንግዲህ ይህ ሣጥን ምን ይነግረናል? በአንድ በኩል የነፃነት ምልክት ነው፤ ከአሠሪው ጋር ያልተስማማ ባለሙያ ሣጥኑን ቆልፎ፣ ተሸክሞ ይሄድ ነበር። በሌላ በኩል አሠሪው የመሣሪያውን ወጪ በሠራተኛው ትከሻ ላይ የጣለበት ሥርዓት ነው። ዛሬም በአሜሪካ ብዙ የመኪና መካኒኮች መሣሪያቸውን ራሳቸው ይገዛሉ፤ ባለጎማ የብረት ካቢኔውን ሳይቀር በዱቤ የሚገዙ አሉ። በአንድ እጅ ይነሣ የነበረው ሣጥን ገዝፎ፣ ባለቤቱን ከዕዳ ጋር የሚያስር ሊሆን በቃ። ስለዚህ “መሣሪያው የሠራተኛው ነው” የሚል ሐረግ በመዛግብት ስታገኙ፣ ነፃ ሠራተኛ ነበር ብላችሁ ከመደምደማችሁ በፊት የገዛበት ገንዘብ ከየት እንደመጣ ጠይቁ።

ይህ ጥያቄ የእኛንም ታሪክ ይመለከታል። ዜና መዋዕሎቻችን ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት ብዙ ሲናገሩ አንጥረኛውን፣ ሸማኔውንና አናጢውን የሚያነሡት ጥቂት ነው። የጽሑፍ ምስክር ባነሰበት ቦታ መዶሻው፣ መሮውና ማስቀመጫው ሰነድ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ማን ሠራቸው፣ ማን ገዛቸው፣ ማን ቆለፋቸው ብለን እስከጠየቅን ድረስ።