የታመመ ልጅና የትምህርት ቤት ደጃፍ

ልጅ ትኩሳት ይዞት ወይም ዐይኑ ደፍርሶ ያደረ እንደ ሆነ፣ በማለዳ በየቤቱ የሚነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይሂድ ወይስ ይቅር? ይህ ጥያቄ ለብዙ ዘመን የእናትና የአባት ብቻ ነበር። ከ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ወዲህ በአውሮፓና በአሜሪካ ትምህርት የሁሉም ልጅ ግዴታ እየሆነ ሲሄድ ግን፣ ጉዳዩ ከቤተሰብ እጅ ወጥቶ የመምህሩ፣ የሐኪሙ፣ የማዘጋጃ ቤቱ፣ በመጨረሻም የነርሷ ጉዳይ ሆነ። ታሪኩ በጤና ሙያ ለተሰማራ ሁሉ ትምህርት የሚገኝበት ነው፤ ምክንያቱም ብዙ ልጆችን ከትምህርት ገበታ ያራቀው በሽታው ብቻ ሳይሆን በሽታውን ለመከላከል ተብሎ የወጣው ደንብ ጭምር ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆናቸው ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያው ዘመን የትምህርት ቤቶች ዝንባሌ ልጁ ቢታመምም እንዲመጣ ነበር። በእንግሊዝ አገር በ1862 የወጣው የትምህርት ደንብ መንግሥት ለትምህርት ቤቶች የሚሰጠውን ድጎማ ከተማሪዎች መገኘትና ከፈተና ውጤታቸው ጋር አያያዘው። ስለዚህ ልጅ በቀረ ቁጥር የሚጎዳው የትምህርት ቤቱ ገቢ፣ ብዙ ጊዜም የመምህሩ ደመወዝ ሆነ። የለንደን የትምህርት ቦርድም አንድም ቀን ሳይቀሩ ለተማሩ ልጆች ሜዳሊያ ይሸልም ነበር። ሜዳሊያውን የተመኘ ልጅ እየሳለም ቢሆን ከመምጣት አይመለስም፤ ገቢው እንዳይጎድል የሚሠጋ መምህርም ልጁን ወደ ቤት ለመመለስ አይቸኩልም። በአንድ ጠባብ ክፍል ተጨናንቀው በሚማሩት ልጆች መካከልም ኩፍኝ፣ ትክትክና ዲፍቴሪያ በቀላሉ ይዛመቱ ነበር።

ደንብ ለማውጣት አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። በዚህ ረገድ ትልቁን ድርሻ ካበረከቱት አንዱ የዴንማርኩ ወጣት ሐኪም ፔተር ፓኑም ነው። በ1846 ኩፍኝ በሰሜን አትላንቲክ ውቅያኖስ ወደሚገኙት የፋሮ ደሴቶች ገባ። በደሴቶቹ ኩፍኝ ከ1781 ወዲህ አልታየም ነበርና ከ7,782 ነዋሪዎች መካከል 6,000 የሚያህሉት ተያዙ። ፓኑም ከመንደር ወደ መንደር እየተዘዋወረ፣ ማን ከማን ጋር በየትኛው ቀን እንደ ተገናኘ እየመዘገበ፣ ከተላለፈበት ቀን አንሥቶ ሽፍታው እስኪወጣ ድረስ 13 ወይም 14 ቀን እንደሚፈጅ አረጋገጠ። በ1781 በሽታው ይዟቸው የነበሩት ሽማግሌዎች በ1846 እንዳልተያዙም አስተዋለ። ከዚህ በኋላ ለኩፍኝ የመገለያ ቀን በግምት ሳይሆን በቍጥር የሚወሰንበት መንገድ ተከፈተ።

ዕውቀቱ እየዳበረ ሲሄድ ግን አንድ የሚያስቸግር ነገር ተገለጠ። በ1896 ሄንሪ ኮፕሊክ የተባለው የኒው ዮርክ የሕፃናት ሐኪም፣ የኩፍኝ ሽፍታ በቆዳ ላይ ከመታየቱ በፊት በጉንጭ ውስጥ የሚወጡትን ነጫጭ ነጠብጣቦች በጽሑፍ አስታወቀ። የኩፍኝ በሽተኛ ሽፍታው ከመውጣቱ 4 ቀን አስቀድሞ፣ ከወጣም በኋላ እስከ 4 ቀን ድረስ ለሌላው ሊያስተላልፍ እንደሚችል ዛሬ ይታወቃል። እንግዲህ ሽፍታው ታይቶ ልጁ ወደ ቤቱ በሚላክበት ሰዓት፣ በአጠገቡ የተቀመጠው ልጅ ቀድሞ ተለክፎ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ማግለል አስፈላጊ ቢሆንም ብቻውን አይበቃም።

ትምህርት ቤቶችን በሐኪም ማስመርመር በአሜሪካ በተደራጀ መልክ የተጀመረው በቦስተን ከተማ ነው። በ1894 ዲፍቴሪያ ከተማይቱን ባስጨነቃት ጊዜ 50 ሐኪሞች በየትምህርት ቤቱ እየዞሩ ታመዋል የተባሉትን ልጆች እንዲመረምሩ ተመደቡ። ኒው ዮርክም በ1897 ይህንኑ አሠራር ተከተለች። ሐኪሙ ልጁን ያያል፤ ትራኮማ፣ እከክ፣ ቆረቆር፣ ቅማል ወይም ሌላ ተላላፊ ደዌ ያገኘበት እንደ ሆነ የማስታወቂያ ካርድ ሰጥቶ ያሰናብተዋል። የሐኪሙ ሥራ በዚሁ ያበቃል።

ችግሩ የሚጀምረው ግን ከዚህ ነበር። በከተማይቱ ምሥራቃዊ ክፍል የሚኖሩት ብዙዎቹ ቤተሰቦች ከሩሲያ፣ ከጣሊያንና ከሌሎችም አገሮች የመጡ ስደተኞች ስለ ነበሩ፣ እናቲቱ ካርዱን ማንበብ አትችልም፤ ያነበበችውም ምን ማድረግ እንደሚገባት አታውቅም። የተባረረው ልጅ ቀኑን በጎዳና ላይ ይውላል፤ ከሰዓት በኋላም ጓደኞቹ ሲለቀቁ አብሮ ይጫወታል። በክፍል ውስጥ የተከለከለው ንክኪ በመንገድ ላይ ይቀጥላል፤ የቀረው ትምህርቱ ብቻ ነው። በዚያ ሰፈር የነርሶች አገልግሎት ያቋቋመችው ሊሊያን ዋልድ፣ በራሱ ላይ በነበረው ቁስል ምክንያት እስከ 12 ዓመቱ ድረስ ትምህርት ቤት ያልገባ አንድ ልጅ እንዳጋጠማት ጽፋለች። ከሐኪም ቤት የተሰጠው ቅባት በሥርዓት ሲደረግለት ቁስሉ ዳነ፤ ልጁም ለመጀመሪያ ጊዜ ትምህርት ቤት ገባ። ያን ሁሉ ዓመት የጎደለው መድኃኒት ሳይሆን፣ መድኃኒቱን እንዴት እንደሚያደርጉ የሚያሳይ ሰው ነበር።

በጥቅምት ወር 1902 ዋልድ ከነርሶቿ አንዷን፣ የካናዳ ተወላጅ የሆነችውን ሊና ሮጀርስን፣ ብዙ ልጅ በማሰናበት በታወቁ 4 ትምህርት ቤቶች ለአንድ ወር ሙከራ እንድትሠራ ለከተማይቱ ሰጠች። ሮጀርስ ቀላሉን ቁስል እዚያው በትምህርት ቤት ታጥባለች፤ ታሽጋለች። ወደ ቤት የተላከውን ልጅ ደግሞ ተከትላ ትሄዳለች፤ የካርዱን ፍሬ ነገር ለእናቲቱ ታስረዳለች፤ ፀጉር እንዴት እንደሚጸዳ፣ ዐይን እንዴት እንደሚታጠብ በእጅዋ ታሳያለች። ሙከራው መልካም ውጤት ስላሳየ ተጨማሪ ነርሶች ተቀጠሩ። በመስከረም ወር 1902 ከኒው ዮርክ ትምህርት ቤቶች የተሰናበቱት ልጆች 10,567 ነበሩ፤ በመስከረም 1903 ግን ቁጥሩ ወደ 1,101 ወረደ። በሽታዎቹ ያው የቀድሞዎቹ ነበሩ፤ የተለወጠው ልጁ ከተመረመረ በኋላ የሚደረግለት ነገር ነው።

የመከልከል ደንብ የሚፈጥረው ጫና ምን ያህል ሊያስከፍል እንደሚችል የቆረቆር ታሪክ ያሳያል። ቆረቆር አይገድልም፤ ነገር ግን የያዘው ልጅ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ከትምህርት ቤት ይከለከል ነበር። የፈረንሳዩ ሐኪም ሬሞን ሳቡሮ በ1904 የራስ ፀጉርን በራጅ ጨረር አርግፎ በሽታውን ፈጥኖ የማዳን ዘዴ ሲያስተዋውቅ፣ ከተሞች በደስታ ተቀበሉት። እስራኤል ከተመሠረተች በኋላም በ1950ዎቹ በተለይ ከሰሜን አፍሪካና ከመካከለኛው ምሥራቅ የገቡ ብዙ የስደተኛ ልጆች በዚሁ ታከሙ። በ1974 ባሩክ ሞዳንና ባልደረቦቹ ባሳተሙት ጥናት፣ ከእነዚህ ልጆች መካከል ጨረር ካልነካቸው ይልቅ የራስና የአንገት ዕጢ በዝቶ መገኘቱ ታወቀ፤ በ1994ም እስራኤል ለተጎጂዎች ካሣ የሚከፈልበት ሕግ አወጣች። ግሪሲዮፉልቪን የተባለው የሚዋጥ መድኃኒት ግን ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ጨረሩን አላስፈላጊ አድርጎት ነበር።

ወደ ኢትዮጵያ ስንመለስ ትራኮማን፣ በተለምዶ የዐይን ማዝ የሚባለውን፣ እንደ ምሳሌ መውሰድ ይቻላል። በ2005 እና በ2006 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆነው ልጆች መካከል ከመቶው 40 ያህሉ በዐይናቸው ላይ የትራኮማ ምልክት ተገኝቶባቸዋል። የ1897ቱ የኒው ዮርክ ደንብ እንዳለ ቢወሰድ ኖሮ፣ በብዙ ወረዳዎች ክፍሎቹ ባዶ በቀሩ ነበር። የተመረጠው መንገድ ግን ሌላ ነው፤ ይኸውም ለመላው የአካባቢ ሕዝብ አዚትሮማይሲን ማደል፣ ፊት መታጠብን ማስለመድ፣ የአካባቢን ንጽሕና መጠበቅና ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ የታጠፈበትን ሰው በቀዶ ሕክምና መርዳት ነው። ኩፍኝን በሚመለከትም ዋናው መከላከያ ልጁን ቤት ማስቀረት ሳይሆን ክትባት ነው። በኢትዮጵያ የተስፋፋው የክትባት ፕሮግራም በ1980 ተጀመረ፤ ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት በ2019 ተጨመረ።

መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ በኮሮና ቫይረስ ምክንያት ትምህርት ቤቶች በሙሉ ተዘጉ፤ ታማሚውም ጤነኛውም ቤቱ ዋለ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ደረጃ በደረጃ ሲከፈቱ፣ ከትምህርት መቅረት ራሱ ጉዳት መሆኑን የማያውቅ ቤተሰብ አልነበረም።

ዛሬ ያለው ምክር ከዚህ ረጅም ልምድ የተገኘ ነው። ትኩሳት፣ ትውከት ወይም ተቅማጥ ያለበት ልጅ ቤቱ ይቆያል፤ ኩፍኝ የወጣበትም ሽፍታው ከታየ በኋላ 4 ቀን እስኪሞላ ይገለላል። በአንጻሩ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2010 ባወጣው ምክር፣ ጤነኛ ልጅ በራስ ቅማል ምክንያት ከትምህርት ሊታገድ እንደማይገባ አስታውቋል። ቅጫም በመገኘቱ ብቻ በየዓመቱ ልጅ ይባረርበት ለነበረው ዓለም ይህ ትንሽ ለውጥ አይደለም።

እንግዲህ ውሳኔው ሦስት ነገሮችን ይጠይቃል። ልጁ ትምህርቱን ለመከታተል አቅም አለው ወይ? ቢቀር በእርግጥ ሌሎቹን ከበሽታው ያድናቸዋል ወይ? ቢቀርስ ማን ይጠብቀዋል፣ መቼስ ይመለሳል? የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ሐኪሞች ቀደም ብለው ጠይቀዋል። ሦስተኛው ግን ለቀን ሙያተኛዋ እናት ከሁሉ የከበደው ሆኖ ሳለ፣ ሊና ሮጀርስ የልጁን ቤት እስክታንኳኳ ድረስ ከካርዱ ላይ አልነበረም። ልጅን ከትምህርት ቤት ደጃፍ የሚመልስ ማንኛውም የጤና ሠራተኛ በሚሰጠው ወረቀት ላይ፣ ከበሽታው ስም ቀጥሎ የሕክምናውን ቦታና የመመለሻውን ቀን ሊጽፍ ይገባዋል።