ግድብና የዓሣ ዘር በያንግትዜ ወንዝ

የሰው ልጅ ወንዝን ገድቦ ኃይሉን ለጥቅሙ ማዋሉ የሚያስመሰግነው ሥራ ነው። ይሁን እንጂ ወንዝ በውስጡ ለሚኖሩት ፍጥረታት መንገድም ማደሪያም ነውና፥ ግድብ ያስከተለውን ነገር ከታሪክ መመርመር ይገባናል። ለዚህም የቻይናን ታላቅ ወንዝ ያንግትዜን ምሳሌ እናደርጋለን።

ቻይናውያን ጥቁር ካርፕ፥ ሣር በል ካርፕ፥ ብርማ ካርፕና ራሰ ትልቅ ካርፕ የተባሉትን አራት ዓሦች ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ በኩሬ ሲያረቡ ኖረዋል። ዓሦቹ ግን በረጋ ውሃ እንቍላል አይጥሉምና፥ አርቢው ጫጩቱን በየዓመቱ ከወንዝ በመረብ እያጠመደ ይወስድ ነበር። በ1958 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፤ የሚከተሉትም እንዲሁ) ሊቁ ጆንግ ሊን ዓሦቹን በሰው ጥበብ እስኪያራባ ድረስ፥ የኩሬው ሀብት የወንዙ ጥገኛ ነበር።

የእነዚህ ዓሦች አረባብ እንዲህ ነው። የውሃው ሙቀት 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስና ወንዙ በዝናብ መሙላት ሲጀምር፥ የውሃው መነሣት ምልክት ሆኗቸው እንቍላላቸውን ይጥላሉ። እንቍላሉ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ ከውሃ ጥቂት ስለሚከብድ ግን ወንዙ እየገፋ ካልወሰደው አይንሳፈፍም። አንድ ወይም ሁለት ቀን ያህል ተጕዞ ይፈለፈላል። የወንዙ ጕልበት ከደከመ ግን ወደ ታች ሰጥሞ ይሞታል።

በ1981 ዓ.ም. የጌጆባ ግድብ ወንዙን ዘጋው፤ ከእርሱ በላይ የተሠራው የሦስቱ ገደሎች ግድብም በ2003 ዓ.ም. ውሃ መያዝ ጀመረ። 600 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው ሐይቅ ከላይ ለሚወርደው እንቍላል መስጠሚያ ሆነ። ከግድቡ በታችም በሚያዝያና በግንቦት የሚለቀቀው ውሃ ከቀድሞው ስለ ቀዘቀዘ፥ የመጣያው ጊዜ ዘገየ፤ ሙላቱም ስለ ተገራ ዓሦቹ የሚጠብቁት ምልክት ደከመ። ከዚህ የተነሣ በጂያንሊ የሚቈጠረው ጫጩት እጅግ አነሰ። ግድቡና ያለ ልክ ማጥመድ የተባበሩበት የቻይና መቅዘፊያ አፍ ዓሣማ፥ በ2003 ዓ.ም. ለመጨረሻ ጊዜ በሕይወት ታይቶ፥ በ2022 ዓ.ም. ከምድር እንደ ጠፋ ተመዘገበ።

ይህን የተረዱት ባለሥልጣኖች ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በመጣያው ወራት ከግድቡ የሚለቀቀውን ውሃ ለጥቂት ቀናት እያሳደጉ የተፈጥሮን ሙላት መምሰል ጀመሩ፤ ካርፖቹም ጥሪውን ሰምተው እንቍላል ጣሉ። በ2021 ዓ.ም. ደግሞ በወንዙ ዓሣ ማጥመድ ለ10 ዓመት ተከለከለ።

ከዚህ የምንማረው ግድብ አይሠራ ማለትን አይደለም። ለመብራትና ለመስኖ የሚሰላው ውሃ ለእንቍላሉም ይሰላለት ማለት ነው። የቀሩት በወቅቱ በተለቀቀ ውሃ ሊያንሠራሩ ይችላሉ፤ የጠፋውን ግን ማንም መሐንዲስ አይመልሰውም።