ደኑን ማን ጠበቀው? ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ የምንማረው

ስለ ኢትዮጵያ ደን ሲነሳ ብዙዎቻችን በቃላችን የምንደግመው አንድ አኃዝ አለ፤ «ከመቶ ዓመት በፊት የአገሪቱ 40 በመቶ በደን የተሸፈነ ነበር» የሚለው። በባለሥልጣናት ንግግርና በእርዳታ ድርጅቶች ሰነድ ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት ሲመላለስ ኖሯል። የታሪክ ምሁሩ ጄምስ ማካን እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተመው ጥናት የዚህን አኃዝ ምንጭ ተከታትሎ የታሪክ ማስረጃ እንደሌለው አሳይቷል። ነገሩ የቁጥር ክርክር ብቻ ቢሆን ኖሮ ለምሁራን በተውነው ነበር። ዳሩ ግን አኃዙ ከኋላው ፍርድ ያስከትላል፤ ደኑን ያጠፋው ገበሬው ነው፣ የሚያድነውም መንግሥት ነው የሚል ፍርድ። የምዕራብ ጎጃም ምድር ግን ሌላ ምስክርነት ይሰጣል።

ከደምበጫ ተነስቶ በፍኖተ ሰላም በኩል ወደ ቡሬ የሚጓዝ ሰው የሚያየው ለዘመናት ሲታረስ የኖረ አገር ነው። በእርሻው መካከል አልፎ አልፎ ጥቅጥቅ ያለ የአገር በቀል ዛፍ ክምችት ቢያይ፣ ከሥሩ ቤተ ክርስቲያን እንዳለ ሳይጠይቅ ያውቃል። በጎረቤት ደቡብ ጎንደር በ28 አብያተ ክርስቲያናት ደን ላይ የተደረገ ጥናት 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ መዝግቧል። በዚያው አካባቢ እ.ኤ.አ. በ1938 ጣልያኖች ከአየር ያነሷቸውን ፎቶግራፎች ከዘመናችን ምስሎች ጋር ያስተያዩ ተመራማሪዎችም፣ የቤተ ክርስቲያኑ ደን በአመዛኙ እንደጸና፣ የጠፋው ግን በዙሪያው የነበረው ቁጥቋጦ መሆኑን አሳይተዋል።

ይህን ደን ያጸናው ምንድን ነው? እምነት ነው ብሎ መመለስ እውነት ነው፤ ግን ሙሉ መልስ አይደለም። እምነቱ ሥርዓት ነበረው። ዛፉ ለቤተ ክርስቲያን ጥገና እንጂ ለግል ጥቅም አይቆረጥም። በቅጥሩ ውስጥ የአባትና የአያት መቃብር አለ፤ ምእመኑ ከቅዳሴ በኋላ የሚያርፈው በዛፉ ጥላ ሥር ነው። ዛፍ የቆረጠን ሰው ካህኑም ጎረቤቱም በስሙ ያውቀዋል። በአጭሩ፣ ደኑ ባለቤት፣ ሕግና ዳኛ ነበረው፤ ሦስቱም እዚያው መንደር ውስጥ።

ከዚህ ጋር የመንግሥታትን ዘመቻ እናስተያይ። የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ሲያደርግ ባላባትም ቤተ ክርስቲያንም መሬታቸውን አጡ፤ ለደብሩ የቀረለት ቅጥሩ ነው። በደርግ ዘመን ገበሬው በምግብ ለሥራና በዘመቻ በየተራራው ችግኝ ተከለ። በ1983 ዓ.ም. ሥርዓቱ ሲወድቅ ግን ብዙ ቦታ ያ ደን በአጭር ጊዜ ተመነጠረ። የተከለው እጅና የቆረጠው እጅ አንድ ነበር፤ ምክንያቱም የተከለው ሰው ዛፉን «የመንግሥት» እንጂ «የእኔ» ብሎት አያውቅም። ያው ገበሬ በጓሮው የተከለውን ባሕር ዛፍ ግን እንደ ዓይኑ ብሌን ይጠብቀዋል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ለአዲስ አበባ ማገዶ የመጣው ይህ ዛፍ ጎጃምን ያለበሰው ያለ ዘመቻ ነው። እንግዲህ ገበሬው ዛፍ ጠል ነው የሚለው ክስ በምን ይቆማል?

አሁን ጥያቄው ወደ ከተማ ገብቷል። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በጥር 1933 ዓ.ም. ከሱዳን ወደ አገራቸው ገብተው በጎጃም በኩል ወደ አዲስ አበባ ሲያመሩ፣ ቡሬ በየካቲት ከጣልያን እጅ ወጣች፤ ወጀት ትባል የነበረችውም ፍኖተ ሰላም የሚለውን ስም ከንጉሠ ነገሥቱ አገኘች። ያን ጊዜ ትንንሽ የነበሩት እነዚህ ከተሞች ዛሬ በየአቅጣጫው እየሰፉ ነው፤ ቡሬ በ2013 ዓ.ም. የተመረቀ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክም አላት። ከተማ ሲሰፋ ትናንት በእርሻ መካከል የነበረ ደብር ነገ በቤቶች መካከል ይገኛል፤ ቅጥሩም ማንም ሳያቅድለት የከተማ ደን ይሆናል። ዋንዛው፣ ወይራው፣ ዝግባውና ሾላው ለወፎችና ለንቦች መጠጊያ፣ ለነዋሪው የቀትር ጥላ፣ ለክረምት ጎርፍ ልጓም ናቸው። ጥላውና ንጹሑ አየር የነዋሪውን ሃይማኖት አይጠይቁም። የባሕር ዛፍ ረድፍ ማገዶና አጠና ይሰጣል እንጂ ይህን ሁሉ ሕይወት አያስጠጋም።

አደጋው በአጥሩ ዙሪያ ነው። ቅጥሩን የሚደፍር ባይኖር እንኳ፣ ከአጥሩ ውጭ ያለችው ቁራጭ መሬት ለቤትና ለሱቅ ስትመራ የደኑ ጠርዝ ይደርቃል፤ ከብት የሚረግጠውና ነፋስ የሚመታው ደንም ቡቃያ አይተካም፤ ያሉት ዛፎች ያረጃሉ እንጂ ወራሽ አያፈሩም።

«ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ጦርነት ባደቀቀው ክልል ስለ ዛፍ ማውራት ቅንጦት አይደለምን?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሰው ከዛፍ ይቀድማልና። ነገር ግን የአስተዳደር ዓይን ከመሬት ላይ የሚነሳው በእንዲህ ያለ ጊዜ ነው። በችግር ዘመን የተቆረጠ የመቶ ዓመት ዝግባ ደግሞ ሰላም ሲመጣ በአንድ ክረምት አይመለስም።

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተብሎ ተነግሮናል። መትከሉ መልካም ነው። ከታሪካችን የምንማረው ግን ደንን የሚያቆየው የተተከለው ብዛት ሳይሆን የጠባቂው ማንነት መሆኑን ነው። ስለዚህ የከተማ ፕላን አውጪዎች የየደብሩን ደን ከነዙሪያው በካርታቸው ላይ ያስፍሩ፤ ጥበቃውን ግን ለዘመናት ሲጠብቁት ለኖሩት ይተዉ። በየሰፈሩ ለሚተከለው አዲስ ደንም ነዋሪው በስሙ የሚያውቀው ባለቤት ይኑረው። አለዚያ የዛሬው ችግኝ የቀጣዩ የሥርዓት ለውጥ ማገዶ ይሆናል።