የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ሐረገ ትውልድ ዜና

በቤጌምድር ምድር፣ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ፣ ትውልድ መቁጠር ከርስት ጋር የኖረ ሥራ ነው። ከጉና ተራራ ሥር እስከ በሽሎ አፋፍ ባለው አገር ገበሬ የሚያርሰውን መሬት «የአባቴ ነው» ለማለት፣ ምድሩን አስቀድሞ ካቀናው አባት ጀምሮ እስከ ራሱ ድረስ ያለውን ስም ሳያቋርጥ መጥራት ነበረበት። ርስት በአባትም በእናትም ይወረስ ነበርና ሐረጉ አንድ መስመር አልነበረም። አንዱ ሰው በአባቱ አባት በኩል ደጋ ላይ፣ በእናቱ እናት በኩል ወንዝ ተሻግሮ ቆላ ውስጥ ድርሻ ይጠይቃል፤ ሴቲቱም እንደ ወንድሟ ትጠይቃለች። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የተባለውም ስለዚህ ነው፤ ከአገር የወጣ ሰው ልጅ ከብዙ ዘመን በኋላ ተመልሶ ሐረጉን ከቆጠረ የሚሰማው ዳኛ አያጣም ነበር።

ቆጠራው ታዲያ የሙግት ቆጠራ ነው። ከሳሽ ስሞቹን ሲጠራ ተከሳሽ ያዳምጣል፤ አንድ ትውልድ ቢዘል ወይም የወንድምን ስም በአባት ስፍራ ቢያስገባ በዚያው ይረታል። የሽማግሌ ቃል ለብዙ ዘመን ሳይፈርስ የኖረው በትዝታ ብርታት ብቻ አይደለም፤ የሚያርመው ባላጋራ ነበረው። በሌላ ወገን መሬት ያላስገኘ ዘመድ፣ ያለ ልጅ የሞተ አጎት፣ ርስቷን ትታ የሄደች እኅት ከቆጠራው ወጥተው ተረሱ። ትውልድ ለመቁጠር ሁለተኛው ምክንያት ጋብቻ ነበር። እስከ ሰባት ቤት የሚዛመዱ ሰዎች አይጋቡምና ከማጨት በፊት የሁለቱ ወገን ሽማግሌዎች ተቀምጠው ይቆጥሩ ነበር። በዚህ ቆጠራ ግን የሚፈለገው ዝምድና መኖሩን ማወቅ ብቻ ስለሆነ ከሰባተኛው ቤት በላይ ማንም አይደክምም።

የጽሑፉ ማስረጃ የሚገኘው በቤተ ክርስቲያን ነው። ነገሥታትና መሳፍንት ጉልት ሲሰጡ፣ ሰዎች መሬት ሲሸጡ፣ ሲያወርሱና ሲታረቁ ቃሉ በደብሩ ወንጌል ኅዳግ ወይም በባዶ ገጹ ላይ ይጻፍ ነበር፤ ወንጌሉን ደፍሮ የሚፍቅ የለም ተብሎ ይታመናልና። የጽሑፉ ሥርዓት በየስፍራው ይመሳሰላል። በማን ዘመነ መንግሥት፣ ማን ራስ ሆኖ፣ ማን አለቃ ሆኖ ሳለ እንደተደረገ ይነገራል፤ ከዚያ ሰጪና ተቀባይ፣ ዋስና እማኝ በስማቸው ይጠራሉ፤ በመጨረሻ ቃሉን የሚያፈርስ ሁሉ ይወገዛል። ለሐረግ ፈላጊ ከሰጪውና ከተቀባዩ ይልቅ እማኞቹ ይጠቅማሉ። ሰጪው ብዙ ጊዜ የታወቀ መኮንን ነው፤ እማኞቹ ግን የአገሩ ሰዎች ናቸውና ሌላ ቦታ የማይገኝ ስም በዚያ ይገኛል።

ከእነዚህ ጽሑፎች ብዙዎቹ ዓመተ ምሕረት የላቸውም፤ ያላቸው የወንጌላዊው ዘመን ነው። ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ፣ ዮሐንስ በየአራት ዓመቱ ስለሚመላለሱ ወንጌላዊው ብቻውን ዘመኑን አይለይም፤ የሹማምንቱ ስም ሲጨመር ግን ይለያል። በደብረ ታቦር የተቀመጠው የየጁው ራስ ጉግሣ መርሶ ከሃያ ዓመት በላይ ስለገዛ «ራስ ጉግሣ ሳሉ፣ በዘመነ ሉቃስ» የሚል ጽሑፍ ብዙ ዓመታት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በእርሱ ጊዜ በጎንደር ዙፋን ላይ እጓለ ጽዮን፣ ዳግማዊ ኢዮአስና ጊጋር ተፈራርቀዋል። ኢዮአስ ከ1810 እስከ 1813 ዓ.ም. ብቻ ነግሦ ነበር። ጽሑፉ የኢዮአስን ስም ከጠራ በዚያ ውስጥ ዘመነ ሉቃስ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም 1811 ዓ.ም. ነው። በዘመነ መሳፍንት ንጉሡ ሥልጣን ባይኖረውም ስሙ ለዛሬ መርማሪ ይህን ያህል ይሠራል።

ከዘመኑ ይልቅ የሚያስቸግረው ስም ነው። ሰው በዓለም የሚጠራበት ስምና በጥምቀት የተቀበለው የክርስትና ስም ይለያያሉ። እቴጌ ምንትዋብ ወለተ ጊዮርጊስ ነበሩ፤ እቴጌ ጣይቱም ወለተ ሚካኤል። የታላላቆቹ ሁለቱም ስሞች ተመዝግበዋል፤ የገበሬው ግን አልተመዘገቡም። መጽሐፍ ያስጻፈ ባለጸጋ በመጽሐፉ መጨረሻ ራሱን፣ ሚስቱን፣ አባቱንና እናቱን ሲያስጠራ የሚያስጠራው በክርስትና ስማቸው ነው፤ ልጆቹ በሙግት ጊዜ የሚጠሩት ደግሞ የዓለሙን ስም። ስለዚህ በአንድ ደብር መጽሐፍ የተጻፈው ወልደ ማርያምና በሽማግሌ አፍ የሚጠራው ቅድመ አያት አንድ ሰው ሊሆኑ ይችላሉ፣ ላይሆኑም ይችላሉ፤ የሚያገናኛቸው የሚስት ወይም የመሬት ስም ካልተገኘ መፍረድ አይገባም።

የጋይንት መጻሕፍት ሌላም ጥንቃቄ ይሻሉ። ቤተ ልሔም የድጓ፣ ዙር አምባ የዝማሬ መዋሥዕት ማስመስከሪያ ስለሆኑ ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከትግራይ የመጡ ተማሪዎች በዚያ ኖረዋል፤ ጽፈዋልም። በቤተ ልሔም መጽሐፍ ስሙ የተገኘ ሁሉ የጋይንት ተወላጅ አይደለም። ትምህርቱም የራሱ ሐረግ አለው፤ መምህር ከመምህር እየተቀበለ የመጣው የስም ተራ እንደ ርስት ሐረግ በቃል ይቆጠራል፤ ብዙ ጊዜም ከሥጋ ሐረጉ ይልቅ የጠራ ነው።

ከዚህም በኋላ በዓፄ ቴዎድሮስ ዘመን ብዙ ማስረጃ ከቦታው ተነቀለ። ንጉሡ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን ሲመዘብሩ የአብያተ ክርስቲያናቱ መጻሕፍት ተወሰዱ። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ እያስጎተቱ በጋይንትና በጨጨሆ በኩል ወደ መቅደላ ተጓዙ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ስትወድቅ እንግሊዞች በዚያ ከተሰበሰቡት መጻሕፍት 350 ያህሉን ወደ ሎንዶን ወሰዱ፤ ዊልያም ራይትም እ.ኤ.አ. በ1877 ዝርዝራቸውን አሳተመ። የጎንደር አድባራት በገጠር ጉልት ስለነበራቸው ከእነዚህ መጻሕፍት አንዳንዶቹ በኅዳጋቸው የመሬት ጽሑፍ ይዘዋል። የቤጌምድር ሰው የአባቶቹን ስም ፍለጋ እስከ ብሪቲሽ ላይብረሪ መሄድ የሚገባው ለዚህ ነው።

ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ የመጣው ክፉ ቀን ከብቱን ፈጅቶ ሰውን በተነው። በጽሑፍ የሚገኘው ጥቂት ነው፤ በቃል ሐረግ ውስጥ ግን ድንገት የሚቋረጥ ቅርንጫፍ ብዙ ጊዜ የዚያ ዘመን ነው።

የሐረግ ፍለጋ በሌላው ዓለም በምን እንደሚቆም ለማየት የአካዲያውያን ነገር ይበቃል። እነዚህ ዛሬ ኖቫ ስኮሺያ በሚባለው የካናዳ ምድር የሰፈሩ ፈረንሳውያን ሲሆኑ እንግሊዞች እ.ኤ.አ. ከ1755 ጀምሮ ከአገራቸው አባረሯቸው። ተበትነውም ቢሆን የዛሬ ልጆቻቸው ዘራቸውን የሚያገኙት ካህናቱ እያንዳንዱን ጥምቀት፣ ጋብቻና ቀብር ይጽፉ ስለነበር ነው፤ የግራን ፕሬ ደብር መዝገብ ከስደተኞቹ ጋር እስከ ሉዊዚያና ተሻግሯል። እ.ኤ.አ. በ1671 የተደረገው ቆጠራም ባለትዳር ሴቶችን በአባታቸው የቤተሰብ ስም ይጠራቸዋል። የጋይንት ካህን ወንዱን በአርባ፣ ሴቷን በሰማንያ ቀን ሲያጠምቅ ስም ያወጣል እንጂ በመዝገብ አያሰፍርም ነበር። ሴት ግን እዚህም አግብታ የአባቷን ስም አትለውጥም፤ በእናት በኩል ያለው ሐረግ ሳይጠፋ የኖረው አንድም በዚህ ነው። ለጋይንት ሌላው የጎደለው የቤተሰብ ስም ነው፤ የአያት ስም በልጅ ልጅ ላይ ይቀርና በአራተኛው ትውልድ ይወድቃል።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ የመንግሥት መዝገብ በዛ፤ ጋይንትም በቤጌምድርና ስሜን ጠቅላይ ግዛት ሥር አውራጃ ሆኖ ፍርድ ቤት ነበረው። የርስት ሙግት መዝገብ ለሐረግ ፈላጊ ከሁሉ የሚበልጥ ሰነድ ነው፤ ከሳሹ ከአቅኚው አባት ጀምሮ ያለውን ሐረግ በጽሑፍ ያቀርባል፣ ተከሳሹም የራሱን። ሁለቱ ሐረጎች በሚስማሙበት ትውልድ መተማመን ይቻላል፤ በሚለያዩበት ግን የተረታው ወገን ሐሰተኛ ነበር ማለት አይደለም። የግብር መዝገብ ግን ያን ያህል አይረዳም። ቤጌምድር እንደ ደቡቡ አገር በቃላድ አልተለካም፤ የ1937 ዓ.ም. የመሬት ግብር አዋጅ ከወጣ በኋላም ግብሩ በየገበሬው ማሳ ልክ ሳይሆን በጥቅል ይጣል ነበርና በመዝገቡ ያለው አንድ ስም ከኋላው ብዙ ዘመዶችን ይሸፍናል።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠርን መሬት የሕዝብ ሲያደርግ ርስት ቀረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሐረግ መቁጠር መሬት አያስገኝም፤ አለመቁጠርም አያሳጣም። ዳኛውም ባላጋራውም ስለቀሩ ቆጠራው የሚያርመው አጣ፤ በ1967 ዓ.ም. ለአካለ መጠን የደረሱት ሙግቱን ያዩ የመጨረሻዎቹ ሰዎች ናቸው። የ1977 ዓ.ም. ረሃብና ከዚያ በኋላ የመጣው ሠፈራም ቤተሰብን ከደብሩ አራቀ።

አሁን ያለው ሰነድ ሐረግ አይቆጥርም። የአማራ ክልል በ1992 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ቁጥር 46ን ካወጣ በኋላ ለገበሬው አረንጓዴ ደብተር ተሰጠ፤ በዚያም ባልና ሚስት በየስማቸው፣ ማሳውም ከአራት አዋሳኞቹ ጋር ተጽፏል። አዋሳኞቹ ብዙ ጊዜ ወንድማማቾችና የአጎት ልጆች ስለሆኑ ደብተሮቹን ጎን ለጎን ያነበበ ሰው የተከፋፈለውን የአያት ርስት ሊያውቀው ይችላል። ልደትን በመንግሥት መዝገብ ማስፈር የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት ለተወለደው ለአብዛኛው የገጠር ሰው በወንጌል ኅዳግ ካልተገኘ የአያት ስም ምስክሩ የሽማግሌ ቃል ነው።