ከወናፍ እስከ መንጠቆ

ወደቧ በ1965 እ.ኤ.አ. በተከፈተው በአሽዶድ፣ መንጠቆና የዓሣ ማጥመጃ ክር ከቤት ለመሸጥ ያሰቡ ቤተሰቦች ምክር ሲጠይቁን አባቶቻችን ትዝ ይሉናል። እንደሚነገረው በ15ኛው መቶ ዘመን ዐፄ ይስሐቅ ያልተጠመቀ ርስት እንዳይኖረው አወጁ። መሬት ያጡት ወገኖቻችን ወደ እጅ ሥራ አዘነበሉ፤ ወንዱ ማረሻና ማጭድ ቀጠቀጠ፣ ሴቷ ሸክላ ሠራች። ገበሬው በማረሻው እያረሰ ሠሪውን «ቡዳ» ይለው ነበር። (ይህን ስድብ እዚህ የተወለዱ ልጆቻችን ባያውቁት ደስ ይለናል።) መሬት ለአራሹ የሆነው በ1975 እ.ኤ.አ. ነው።

ቀጥቃጩ ብዙውን ጊዜ በትእዛዝ ይሠራ ስለነበር ዕቃ አከማችቶ ዕዳ ውስጥ አይገባም ነበር። እኛም መጀመሪያ ወደ ባሕሩ ወርዳችሁ አጥማጆቹ ምን እንደሚፈልጉ ጠይቁ፣ ከዚያ ጥቂት ግዙ እንላለን።

አንድ ነገር ግን ከአገር ቤት ይለያል። ወናፉ የሚነፋው ደጅ ነበር፤ እዚህ የምንኖረው ፎቅ ላይ ነው። መንጠቆውን ወደ ታች የሚስበውን እርሳስ በወጥ ቤት ምድጃ አታቅልጡ! ጢሱና ብናኙ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። ተሠርቶ ያለቀውን ገዝታችሁ ሽጡ፤ እሱንም ልጆች ከማይደርሱበት አስቀምጡ። ሽያጭ ከመጀመራችሁ በፊት «ዖሴቅ ፓቱር» ሆናችሁ ተመዝገቡ፤ ፎርሙን አብረን እንሞላለን።