ኮሶ በጉና ዙሪያ

የጉናን ተራራ ተንተርሰው እስከ በሽሎና ዓባይ ሸለቆዎች ቁልቁል የሚወርዱት ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ፣ እንደ ሌላው የሰሜን ደጋ ሁሉ፣ ጥሬ ሥጋ የሚበላባቸውና ስለዚህም ኮሶ የሚጠጣባቸው አገሮች ነበሩ። ኮሶ የሚለው ስም ዛፉንም፣ ከዛፉ የሚገኘውን መድኃኒትም፣ መድኃኒቱ የሚያስወጣውን ትልም በአንድነት ይጠራል። የሴቴው ዛፍ ቀይ አበባ ደርቆና ተወቅጦ በውኃ ወይም በጠላ ይበጠበጥና በየሁለት ወሩ ገደማ በማለዳ፣ በባዶ ሆድ ይጠጣ ነበር። የጠጣ ሰው ከቤት ስለማይወጣና እንግዳ ስለማይቀበል፣ «ኮሶ ጠጥቷል» የሚለው መልስ ሊያገኙት የማይወዱትን ሰው በጨዋ ደንብ ከደጅ ለመመለስም ይጠቅም ነበር።

መድኃኒቱ ከመኳንንት እስከ ገበሬ ለሁሉም ያስፈልግ እንጂ ሻጩ አይከበርም ነበር። የኋላው ዐፄ ቴዎድሮስ፣ እናታቸው ወይዘሮ አትጠገብ በችግራቸው ጊዜ ኮሶ ሸጠዋል እየተባለ «የኮሶ ሻጭ ልጅ» ተብለው ተሰድበዋል። ደጃዝማች ወንድይራድ ይህንኑ ስድብ እያነሣ ፎክሮ በካሳ (በኋላው ቴዎድሮስ) ላይ ከዘመተ በኋላ ድል ሲሆን ኮሶ በግድ እንዲቀምስ መደረጉ ይተረካል። ስድቡ ከአንደበት ያለፈ ፍርድ አልነበረውም፤ የሰደቡትም እኮ ከዚያው ዋንጫ ይጠጡ ነበር።

ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ዛፉን በኢትዮጵያ አይቶ እ.ኤ.አ. በ1790 በታተመው መጽሐፉ ገለጸው፤ በ1864 ደግሞ አበባው በብሪታንያ የመድኃኒት መዝገብ ገባ። ከዚያ በኋላ የኬሚስቶች ጥያቄ ኮሶ ትሉን እንዴት እንደሚያስለቅቅ ማወቅ ሆነ።

ከላም ሥጋ የሚመጣው ይህ ትል አፍም አንጀትም የለውም፤ ምግብን ወደ ታች የሚገፋውን የሰው አንጀት ተቋቁሞ የሚቆየው በራሱ ላይ ባሉት አራት መምጠጫዎችና በሰውነቱ ጡንቻዎች ኃይል ነው። ጡንቻ የሚኮማተረው ማዮሲን የተባለ ፕሮቲን አክቲን የተባለውን ክር ሲስብ ነው። ማዮሲን ራስና አንገት አለው፤ የሕዋስ ነዳጅ የሆነው ኤቲፒ በራሱ ጎድጓዳ ውስጥ ሲሰነጠቅና ቅሪቱ ሲለቀቅ በዚያ የሚፈጠረውን እጅግ ትንሽ የቅርጽ ለውጥ አንገቱ እንደ መፈንቅል አጉልቶ ወደ ጉተታ ይለውጠዋል። በኮሶ አበባ ውስጥ የተገኘው ኮሶቶክሲን የጡንቻ መርዝ መሆኑ ሲታወቅ፣ ደገኛው በልምድ የደረሰበት ነገር ምክንያት አገኘ፤ መያዣው የላላ ትል ኮሶው ከሚያመጣው ተቅማጥ ጋር ተጠርጎ ይወጣል።

በኋላ የመጡት ክኒኖች ሌላ በር አንኳኩ። ትሉ የሚመገበው በቆዳው ስለሆነ፣ ከቆዳው ሥር ባሉት የሕዋስ አካላት የሚሠሩት ጥቃቅን ከረጢቶች ያለማቋረጥ ወደ ላይ መጓዝ አለባቸው፤ የሚጓዙትም ቱቡሊን ከተባለ ፕሮቲን በተገነቡ ቀጫጭን ቧንቧዎች ላይ ነው። በእንዲህ ዓይነት መንገድ ላይ ጭነት ከሚያመላልሱት ፕሮቲኖች አንዱ፣ እ.ኤ.አ. በ1985 የታወቀው ካይነሲን፣ ሁለት ራሶቹን እንደ እግር እያፈራረቀ፣ አንዱ ሳይረግጥ ሌላውን ሳያነሣ፣ በአንድ እርምጃ 8 ናኖሜትር ይራመዳል፤ ናኖሜትር የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ነው። ሜቤንዳዞልና አልቤንዳዞል ከትሉ ቱቡሊን ጋር ተጣብቀው መንገዱን ያፈርሳሉ፤ ተሸካሚው ጤነኛ ቢሆንም የሚረግጠው ያጣል፣ ጭነቱም ከቆዳ ሥር ይከማቻል። ኒክሎዛማይድ ደግሞ የኤቲፒን ምርት አስተጓጉሎ ተሸካሚውን ነዳጅ ያሳጣዋል።

ኮሶ ሲበዛ ዓይንን እስከ መጉዳት ይደርስ ስለነበር ክኒኑ ቦታውን መውሰዱ አያስቈጭም። አበባው ለመድኃኒትነት መፈለጉ ሲቀንስ ግን ዛፉ በጣውላነቱ ይታይ ጀመር፤ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅም ኮሶን ከዋንዛ፣ ከዝግባና ከጥድ ጋር ያለ ፈቃድ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከተከለከሉት ዛፎች መካከል አስገባው።